ባዶው ዓምድ

ቁልፉ እኔ ጋ ነው የሚያድረው።
ቅዳሜ፣ ሐይቁ ጉሙን ገና ሳይገፍፈው፣
ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ያለችውን ክፍል እከፍታለሁ፤
ሃያ አራት ወንበር እደረድራለሁ።
ሃያ አምስተኛው እግሩ ሰባራ ነው፤
ከበሩ ሥር፣ ለራሴ አስቀረዋለሁ።

ጣሪያው ላይ አባ ኮዳ ቆሟል፤
መላጣውን አዘንብሎ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ያሰላስላል።
ለእሱ ነገሩ ሁሉ የአሳ አንጀት ነው፤
የሚወድቀውን ይጠብቃል።

ልጆቹ ይመጣሉ፤ ከታቦር ሥር፣ ከአቶቴ፣ ከሞኖፖል፤
በባጃጅ ተጨናንቆ፣ በእግሩ ኳትኖ፣
አንዱ ጸጉሩ ከሐይቅ ውሃ ሳይደርቅ፣
አንዷ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ።

መምህርት ማንአህሎሽ ጠመኔዋን ለሁለት ሰብራ
በሰሌዳው መካከል አንዲት ቃል ጻፈች፦
ዘር።
«ምንድነው ይኼ?»
ኢዮስያስ እጁን አወጣ።
አባቱ መናኸሪያው ጀርባ የጎመን፣ የቀይ ሥር፣ የካሮት ዘር
በሲኒ እየሰፈረ ይሸጣል።
«ዘር ማለት» አለ፣ «መሬት ስትሰጠው የሚበቅል፣
እርጥበት ከነካው ከነከረጢቱ የሚሻግት፣
ሲቀላቀል ደግሞ አባቴን የሚያስቆጣ።»
ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች።
ሳቋ ሳያልቅ፣ ከቃሉ ጎን ሌላ ቃል አስጠጋች፦
ማጥፋት።

የልጅ ሳቅ እንዴት እንደሚቆም አይታችኋል?
እንደ ሞተር አይደለም፤ እንደ ዝናብ ነው፤
አንድ ሁለት ጠብታ ከቆርቆሮው ላይ ይቀራል።

ከዚያ ስለ ሩዋንዳ ተረከች።
ሬዲዮ ነበር አለች፤ ዘፈን የሚያሰማ፣ ቀልድ የሚያውቅ፣
ጎረቤትን «በረሮ» እያለ የሚያስቅ።
መታወቂያ ነበር አለች፤ ከኪስ የምትገባ ቁራጭ ወረቀት፣
ኬላ ላይ ስትወጣ ሰውን ከነፍሱ የምትለይ።
«በቆንጨራ አልተጀመረም፤ ቆንጨራው ኋላ ነው የመጣው።
መጀመሪያ ስም ነበር። ቀጥሎ መዝገብ።
መዝገቡን የሞላውም ጭራቅ አልነበረም፤
ጽሕፈቱ የሚያምር፣ በሰዓቱ ቢሮ የሚገባ ሰው ነበር።»

ከበሩ ሥር ወንበሬ ተንቋቋ።

የኔም ጽሕፈት ያምር ነበር፤
ፊደሌ እንደ በቆሎ ፍሬ ድርድር።
የቀበሌው ሰው ያደንቀኝ ነበር፤
ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር።
መብራት በጠፋ አንድ ምሽት፣ በኩራዝ፣ ከቤት ቁጥር ጋር፣
ስም በስም፣ ከስሙ ጎን ዘር፣
መጤው ማነው፣ ማነው ነባር፣
በማስመሪያ፣ ቀጥ አድርጌ፣ ሳልደናገር።
ለምን አላልኩም። ለስኳር ራሽን መስሎኝ ነበር።
መስሎኝ ነበር እላለሁ፤
ሠላሳ ዓመት እንዲህ እል ነበር።

በሳምንቱ ሦስት ቤት ነደደ፤
እሳቱ አንድም ቁጥር ስቶ አልሄደ።
በዱቤ ዳቦ የሚሰጠኝ አቶ ሽኩር፣ መቶ አሥራ አራት ቁጥር፣
በቀይ ነበር ያሰመርኩበት፤
ቀዩ እስክሪብቶ አዲስ ነበር።
«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ፤
ከብዕር የወጣስ፣ ወዴት ነው የሚያርፍ?

ትምህርቱ አለቀ። መምህርቷ አንድ ቅጽ ይዛ መጣች፤
ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች የላኩት ነው፦
ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ብሔር፣ ፊርማ።
«ጋሽ ላምቤቦ፣ ጽሕፈትህ ያምራል አሉ፤ እስቲ ሙላልን።»
ማን ነው ያለው? አልጠየቅኩም።
ስማቸውን ጻፍኩ፤ ዕድሜያቸውን ጻፍኩ፤
ዓምዱ ጋ ስደርስ እጄ እንደ ሽማግሌ እጅ ሆነ፤
ነውም።

ኬሪያ በትከሻዬ በኩል አየችው።
«ይኼ ምን ያደርግላቸዋል?»
መልስ አልጠበቀችም።
ባዶውን ዓምድ ተሻግራ፣ ከዳር እስከ ዳር፣
ረጅም፣ የሚያስቅ ፊርማ ጎተተችበት።
ከኋላዋ ኢዮስያስም እንዲሁ። ሌሎቹም፤
ሁለት ልጆች ግን መስመሩን ጠብቀው ፈረሙ፤
እነሱንም አልፈርድባቸውም።

ወንበሮቹን ደረብኩ። ሰሌዳውን ጠረግኩ፤
«ማጥፋት» ጠፋ፣ «ዘር» ግን ጠመኔው ወፍሮ ነበርና
ጥላው ቀረ።
የሚመጣው ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ።
ያለፈው ቅዳሜም ብዬ ነበር።
ቁልፉ ዛሬም እኔ ጋ ያድራል።